ዋርድ ሲከለል አብሮ መገኘት፦ ለዲሲ ነዋሪዎች ከካርታው እስከ ወንበሩ

አንዲት የማውቃቸው እናት የሚኖሩበት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ቀለሙ ለቆ ነበር። መኪና አይቆምላቸውም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ልባቸው ተንጠልጥሎ ነው የሚሻገሩት። ደብዳቤ ጻፍንና የዋርዳችን (የከተማው የምርጫ ክልላችን) ነው ላልነው የካውንስል፣ ማለትም የከተማው ምክር ቤት፣ አባል ቢሮ ላክን። መልሱ ቶሎ መጣ፦ ያ ጥግ የኛ ዋርድ አይደለም። ለሌላኛው ቢሮ ላክን። እነሱ ደግሞ መንገዱ ግማሹ ብቻ የእነሱ እንደሆነ ነገሩን። ለካ የዋርዱ ድንበር የሚያልፈው በዚያው መንገድ መሐል ለመሐል ነው።

ቀለሙ በስተመጨረሻ ተቀባ። ነገሩን ይዞ የተከራከረልን ግን ደሞዝ የማይከፈለው አንድ የሰፈር ኮሚሽነር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካርታ አያለሁ፣ ስብሰባ እገባለሁ፣ ፊርማ ሳሰባስብ ደጅ አንኳኳለሁ። ከብዙ ወገኖቻችን ጋር ስነጋገር የማየው አንድ ነገር ነው። ሁላችንም ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫ እንከራከራለን። የሰፈራችን መስመር የት እንደሚያልፍ፣ የሰፈራችንን ወንበር ማን እንደያዘው ግን አናውቅም። በእጃችን ልንደርስበት የምንችለው ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የት እንዳላችሁ እወቁ

ዋሽንግተን ዲሲ በ8 ዋርድ ተከፍላለች። የከተማው ካውንስል 13 አባላት አሉት። 8ቱ ከየዋርዳቸው ይመረጣሉ። 4ቱንና ሊቀ መንበሩን መላው ከተማ ይመርጣቸዋል። ይህ አሠራር የመጣው በ1973 በወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ነው። የመጀመሪያው የተመረጠ ካውንስል ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1975 ነበር።

ከካውንስሉ ሥር ሌላ እርከን አለ፤ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን። ሰዉ በምህጻረ ቃሉ ኤኤንሲ ይለዋል። በ1976 ነው ምርጫው የተጀመረው። ከ2023 ጀምሮ በከተማው 46 ኮሚሽኖች አሉ፤ በጠቅላላው 345 ወንበር። እያንዳንዱ ወንበር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል። ሁለት ሺህ ሰው ማለት ጥቂት ትልልቅ አፓርታማዎች ናቸው። አንዳንዱ ወንበር ከአምስት ስድስት ብሎክ አያልፍም።

የወንበሩ ስም ኮድ ይመስላል፤ አነባበቡ ግን ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዋርዱ ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል ኮሚሽኑን ይነግራችኋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ወንበሩ ናቸው።

አሁኑኑ አንድ ወረቀት አውጡ። አድራሻችሁን በምርጫ ቦርዱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዋርዳችሁን፣ ኮሚሽናችሁን፣ የወንበራችሁን ኮድ። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ከ2022 በፊት የምታውቁት ኮድ ካለ እርሱት፤ ብዙው ተቀይሯል።

ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ሕግ የእናንተ አይደለም፤ ከተማችሁ የራሱ አለው። ለምሳሌ ከዲሲ አጥር አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ 6 ዋርድ አላት። ዜግነት የሌለው ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ከፈቀደች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የ16 ዓመት ልጅ በከተማው ምርጫ ይመርጣል። እዚያ የምትኖሩ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ፦ ተቆጠሩ

ካርታ የሚሳለው በሰው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚመጣው በየ10 ዓመቱ ከሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነው። የሚቀጥለው ኤፕሪል 1 ቀን 2030 ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ካርታው ሲመጣ አይጀምርም። አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ይኖርና ሦስት ብቻ ከተጻፈ፣ የቀሩት ሦስቱ ለካርታ ሠሪው የሉም።

እኛ ዘንድ ይህ በጣም ይከሰታል። ቤዝመንት የተከራየ ዘመድ አለ። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ቀን የሚተኛ ወንድም አለ። ቅጹን የሚሞላው የቤቱ ባለቤት «እሱ እንግዳ ነው» ብሎ ይዘለዋል። እንግዳ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛው እዚያ ከሆነ እዚያ ይቆጠራል። ሕፃናትም ይቆጠራሉ፤ ትናንት የተወለደችውም ጭምር።

በ2020ው ቅጽ ላይ ስለ ዘር በሚጠይቀው ክፍል፣ ጥቁር ከሚለው ሥር የመጻፊያ ቦታ ነበር። እንደ ምሳሌ ከተጠቀሱት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ሳጥኑን ምልክት አድርጎ መስመሩን ባዶ ተወው። እባካችሁ እሱን ቦታ አትተዉት። ከተማው ውስጥ ስንት እንደሆንን የሚታወቀው በእሱ ነው። የአማርኛ የአሞላል መመሪያም ነበር፤ በ2030 ከመሙላታችሁ በፊት ፈልጉት። በ2020 ስለ ዜግነት አልተጠየቀም። የግለሰብ መልስ ደግሞ በሕግ ለ72 ዓመት ምስጢር ነው።

ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

ይህን ክፍል ሰው ይፈራዋል። ግን የማካፈል ሒሳብ ብቻ ነው። የ2020ውን ይዘን እንሥራው።

የዲሲ ሕዝብ 689,545 ሆነ። ለ8 ሲካፈል 86,193 ይመጣል። ይህ የአንድ ዋርድ ልክ ነው። ሕጉ ከዚህ ልክ 5 በመቶ ከፍና ዝቅ ማለትን ይፈቅዳል። የ86,193 አምስት በመቶ ወደ 4,310 ነው። ስለዚህ አንድ ዋርድ በግምት ከ81,900 ማነስ፣ ከ90,500 መብለጥ የለበትም።

አሁን እውነተኛውን ቁጥር እንየው። ዋርድ 6 ከ100 ሺህ አልፎ ተገኘ። በደቡብ በኩል ወንዙ ዳር አዳዲስ ፎቆች ተሠርተው ሰዉ ጎርፎ ነበር። ዋርድ 7 እና ዋርድ 8 ደግሞ ከልኩ በታች ቀሩ። እነዚህ ሁለቱ በዋናነት ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉት ናቸው። እንግዲህ ዋርድ 6 ሰው ማስረከብ አለበት፤ 7 እና 8 መቀበል አለባቸው። ማዶ ያሉት ወደ ምሥራቅም ሆነ ወደ ደቡብ መስፋት አይችሉም፤ እዚያ ሜሪላንድ ነው። ስለዚህ በወንዙ በዚህኛው ዳር ያላቸው መሬት ሰፋ። ኔቪ ያርድ አካባቢ ወደ ዋርድ 8፣ የዋርድ 6 ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ ወደ ዋርድ 7 ሄደ።

ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሠራ ሰው ውጤቱን ከወራት በፊት ያውቀው ነበር። የትኛው ዋርድ እንደሚያብጥ፣ የትኛው እንደሚጎድል ካወቃችሁ የትኛው ሰፈር ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ሰፈራችሁ ድንበር ላይ ከሆነ ጆሮአችሁን ማቆም ያለባችሁ ያኔ ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። ዋርዱ አንድ ላይ የተያያዘና የታመቀ እንዲሆን ይፈለጋል። በተቻለ መጠን እንደ ወንዝ ያለ ተፈጥሯዊ ድንበር ይከተላል። የአናሳ ማኅበረሰብን የመምረጥ አቅም ለማዳከም ታልሞ ያንኑ ውጤት የሚያስከትል ካርታ ክልክል ነው። ምስክርነት ስትሰጡ እነዚህን ነጥቦች በስማቸው ጥሩ። «አትንኩን» ከሚለው ይልቅ «ይህ መስመር በዚህ ምክንያት ሕጉን አያሟላም» የሚለው ይሰማል።

ካርታ ሳሉ፣ ቀድማችሁ ተናገሩ

ካርታውን የሚያጸድቀው ራሱ ካውንስሉ ነው። ባለፈው ጊዜ የሦስት አባላት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሞ ሕዝቡን አዳመጠ። የቆጠራው ዝርዝር በኦገስት 2021 ወጣ፤ ካውንስሉ በዲሴምበር ድምፅ ሰጠ። ጊዜው አራት ወር ገደማ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ በእነዚያ ወራት ውስጥ ነው መገኘት የሚያስፈልገው። ለሚቀጥለው ዙር 2031ን በካላንደራችሁ ላይ አሁኑኑ ምልክት አድርጉ።

ካርታ መሳል ባለሙያ መሆን አይጠይቅም። ዴቭስ ሪዲስትሪክቲንግ እና ዲስትሪክተር የሚባሉ ነጻ የኢንተርኔት መሣሪያዎች አሉ። ብሎኩን በጣት ወይም በማውዝ ስትነኩ ቀለሙ ይቀየራል። ጎን ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት ከእራት በኋላ፣ ቡናው እየፈላ፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። አንድ ብሎክ ወደ ጎረቤት ዋርድ ስትወስድ ሌላኛው ጎደለ። እሱን ለመሙላት ሌላ ብሎክ አመጣች፤ ያኔ ደግሞ ትምህርት ቤቷ ከሰፈሩ ተቆረጠ። «ወይኔ!» አለች። ካርታ ማለት ይኸው ነው። አንዱን ስትስበው ሌላው ይከተላል። ስለዚህ ካውንስል ፊት ቀርባችሁ «ይህን ብሎክ መልሱልን» ስትሉ፣ በምትኩ የትኛው እንደሚሄድም ይዛችሁ ኑ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ነው የሚደመጠው።

ምስክርነቱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ። ስማችሁን፣ ዋርዳችሁን፣ ስንት ዓመት እንደኖራችሁ ተናገሩ። ቀጥሎ የመንገዱን ስም እየጠራችሁ መስመሩ የት እንዲያልፍ እንደምትፈልጉ አስረዱ። ከዚያ አብሮ የሚኖረውን አሳዩ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እንጀራ የምንገዛበት ሱቅ፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ካፌ፤ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። በመስመር ስታያይዟቸው የሰፈሩ ቅርጽ ይወጣል። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። መናገር የከበዳችሁ ደግሞ በጽሑፍ ላኩ፤ እኩል መዝገብ ውስጥ ይገባል።

ይህን በስሜት የምለው በምክንያት ነው። በ2005 ሸው በሚባለው የዲሲ ሰፈር ውስጥ ያለውን የ9ኛ መንገድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማስባል ጥያቄ ሲነሳ ከሰፈሩ ነባር ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ሸው የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ያለበት ሰፈር ስለሆነ ቅሬታቸው ይገባኛል። የኔ ቁጭት ሌላ ነው። ምግብ ቤት ከፍተናል፣ ሱቅ ከፍተናል። በሰፈሩ ስብሰባ ከነሱ ጋር አብረን ቁጭ ብለን የምንታወቅ ግን ስንት ነበርን?

ዋርዱ ካለቀ በኋላ ትንሹ ካርታ ይመጣል

ብዙ ሰው የዋርዱ ካርታ ሲጸድቅ አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። አላለቀም። የኤኤንሲ ወንበሮች መስመር ከዚያ በኋላ ነው የሚሰመረው። በ2022 በየዋርዱ ከነዋሪዎች የተውጣጣ ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ረቂቁን ሠራ፤ ካውንስሉ በዚያው ዓመት አጸደቀው። የወንበሩ ቁጥር ከ296 ወደ 345 ያደገው ያኔ ነው።

በግል አስተያየቴ ለኛ ዋናው ይህ ነው። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት አንድ ትልቅ አፓርታማ በሁለት ወንበር ከተከፈለ በሁለቱም ውስጥ ጥቂት ይሆናሉ። በአንድ ወንበር ውስጥ ከቆየ ግን 2,000 ሰው ባለበት ቦታ ሚዛን ይደፋል። ግብረ ኃይሉ ውስጥ ለመግባት የዋርዳችሁን የካውንስል አባል ቢሮ ጠይቁ። ደብዳቤና ትንሽ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ማን ይመርጣል?

ዜጋ ከሆናችሁ ጉዳዩ ቀላል ነው። 18 ዓመት የሞላችሁና በዲሲ ቢያንስ 30 ቀን የኖራችሁ ከሆነ ተመዝግባችሁ ትመርጣላችሁ። ለተመዘገበ ሰው ሁሉ የምርጫ ወረቀት በፖስታ እስከ መኖሪያው ድረስ ይመጣል። ያልተመዘገበ ሰው አድራሻውን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ በምርጫው ቀንም መመዝገብ ይችላል። የምርጫ ቦርዱ በአማርኛም መረጃ ያወጣል።

ዜግነት ለሌላችሁ ደግሞ ካውንስሉ በ2022 ሕግ አውጥቷል። በዚያ ሕግ ለከንቲባ፣ ለካውንስልና ለኤኤንሲ መምረጥ ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት በጁን 2024 ነው። ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ተወካይ ግን አይቻልም። የሚሰጣችሁም የፌዴራል ዕጩዎች የሌሉበት ለብቻው የተዘጋጀ ወረቀት ነው። ሕጉን ለማስቀረት ኮንግረስ ውስጥ በተደጋጋሚ ስለተሞከረ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ለቦርዱ ደውላችሁ አሁን ያለበትን ጠይቁ።

እዚህ ላይ እንደ እህት ልምከራችሁ። የጥገኝነት ጉዳይ ያላችሁ፣ የግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ማመልከቻ ያስገባችሁ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። የዜግነት ማመልከቻው ስለ መመዝገብና ስለ መምረጥ ይጠይቃል። ምዝገባው ላይ ደግሞ በሌላ ስቴት ወይም በሌላ አገር የመምረጥ መብት አልጠይቅም ብላችሁ ታረጋግጣላችሁ። ሳታነቡ አትፈርሙ። በስሕተት የፌዴራል ወረቀት ከደረሳችሁ ጨርሶ አትሙሉት፤ መልሱና ትክክለኛውን ጠይቁ። ባትመርጡም በስብሰባ ላይ ከመናገር የሚያግዳችሁ የለም።

ሌላም አዲስ ነገር አለ። ሕዝቡ በ2024 ባጸደቀው መሠረት ከ2026 ጀምሮ ዕጩዎችን በደረጃ መምረጥ ተጀምሯል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያላችሁ እስከ 5 ሰው ትደረድራላችሁ። አንድ ሰው ብቻ መምረጥም ይቻላል። ለሁለት ዕጩ አንድ ደረጃ መስጠት ግን ድምፃችሁን ሊያበላሽ ይችላል።

ለወንበሩ መወዳደር

የኤኤንሲ ምርጫ በየሁለት ዓመቱ በኖቬምበር ነው። ደሞዝ የለውም፤ ፓርቲም የለበትም። ለመወዳደር የተመዘገበ መራጭ መሆን ያስፈልጋል። ፒቲሽኑን (የድጋፍ ፊርማ የሚሰበሰብበትን ቅጽ) ከምታስገቡበት ቀን በፊት ባለው 60 ቀን ሳታቋርጡ በዚያ ወንበር ክልል ውስጥ መኖር አለባችሁ። ከዚያ 25 ፊርማ። ቅጹ አብዛኛውን ጊዜ በጁላይ ይወጣና በኦገስት መጀመሪያ ይመለሳል።

ሃያ አምስት ፊርማ ትንሽ ይመስላል። አርባ ሰብስቡ። ፈራሚው በዚያው ወንበር ክልል ውስጥ የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት። ከመንገዱ ማዶ ያለ የቅርብ ጓደኛችሁ ቢፈርምላችሁ አይቆጠርም። የኛ ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አንዱ መታወቂያው ላይ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል። ሲፈርም ግን በልማዱ ስሙንና የአባቱን ስም ይጽፋል። ሌላዋ ስሟ መዝገቡ ላይ በአንድ አጻጻፍ፣ በእጇ በሌላ አጻጻፍ ነው። ፒቲሽን ሲቀርብ ለ10 ቀን ማንም ሰው መቃወም ስለሚችል ይህ ፊርማ ሊያስጥል ይችላል። ስለዚህ ሰው ከመፈረሙ በፊት «መራጭ ሆነው የተመዘገቡበት ስም የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የመራጭ ካርድ ካለ አውጥተው እያዩ ይጻፉ።

ደጅ ስታንኳኩ ሰዓት ምረጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ለሽማግሌ ሰው «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? የዚህ ሕንፃ ጎረቤትዎ ነኝ» ብላችሁ ጀምሩ። ስለ ራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ «እዚህ ሰፈር ምን ያስቸግርዎታል?» ብላችሁ ዝም በሉ። እኔ በዚህ ጥያቄ ብቻ ስለ አይጥ፣ ስለ ጠፋ የመንገድ መብራት፣ ስለማይሠራ ሊፍት፣ ስለ መኪና ማቆሚያ አንድ ደብተር ሞልቻለሁ። ሻይ ጠጡ ካሏችሁ ግቡ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ያ ቤት ድምፅ ይሰጣችኋል፣ ለጎረቤቱም ይነግርላችኋል።

ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም። ለኤኤንሲ ዕጩ አንድ ሰው መስጠት የሚችለው 25 ዶላር ብቻ ነው። ጥቂት መቶ በራሪ ወረቀት በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ማሳተም ይበቃል። ደረሰኙን አስቀምጡ።

ጊዜው ቢያመልጣችሁም ሁሉም በር አልተዘጋም። ዕጩ የሌለበት ወንበር በየምርጫው ይገኛል። መራጩ ስማችሁን በእጁ ጽፎ ሊመርጣችሁ ይችላል። ያኔ ከምርጫው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ወንበሩን እንደምትፈልጉ ለቦርዱ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለባችሁ። በጥቂት ደርዘን ድምፅ ወንበር የያዘ ሰው አለ።

ወንበሩን ከያዛችሁ በኋላ

ኮሚሽነሩ ሕግ አያወጣም። ያለው ጉልበት ሌላ ነው። ኮሚሽኑ በስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ በጽሑፍ ለከተማው መሥሪያ ቤት አስተያየት ሲልክ፣ መሥሪያ ቤቱ «ትልቅ ክብደት» የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህ የሕጉ ቃል ነው። ባይስማማ እንኳ ለተነሱት ጉዳዮች አንድ በአንድ በጽሑፍ ምክንያቱን ማቅረብ አለበት። የመጠጥ ፈቃድ፣ የግንባታ ዞን፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ጠረጴዛ፣ የትራፊክ ለውጥ ሁሉ በዚህ በኩል ያልፋል። ምግብ ቤት ያላችሁ ወገኖቼ ይህን በደንብ አስተውሉ። ፈቃዳችሁ ከመታየቱ በፊት ኮሚሽኑ ዘንድ ሄዳችሁ ሰላም ብትሉ፣ ጎረቤቱ ስለ ድምፅና ስለ ቆሻሻ የሚለውን ቀድማችሁ ብትሰሙ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርላችኋል።

ከኮሚሽነሮቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ካልተገኙ ውሳኔ የለም። አንድ ሰው ዘግይቶ የሰፈር ጉዳይ ለወር ሲተላለፍ አይቻለሁ። ኮሚሽኑ በዓመት ቢያንስ 9 ጊዜ ይሰበሰባል፤ ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው። በጃንዋሪ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ገንዘብ ያዥነቱን ማንም አይሻማበትም። የሒሳብ ሥራ የምታውቁ ከሆነ ውሰዱት፤ የኮሚሽኑን አሠራር ከውስጥ ያስተምራችኋል።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደጅ ስታንኳኩ የሞላችሁትን። ከተጻፈው ውስጥ አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ። ፎቶ አንሱበት፣ የመንገዱን ቁጥር ጻፉ፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚላክ ለዩ፣ የውሳኔ ሐሳቡን በአንድ ገጽ አርቅቁ። ለሊቀ መንበሩ አስቀድማችሁ ላኩና አጀንዳ ላይ እንዲገባ ጠይቁ። ድምፅ ከተሰጠበት በኋላ ቅጂውን አትማችሁ፣ ችግሩን የነገሯችሁ እናት ቤት ሄዳችሁ በእጃቸው ስጧቸው።